ስለ ወገብና ስለ መገጣጠሚያ አጠባበቅ፤ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የእርሻ ሥራ

ከእርሻ መሣሪያ ሁሉ የመጀመሪያውና ታላቁ የሰው ገላ ነው። ማረሻ ቢሰበር ቀጥቃጭ ያበጀዋል፤ በሬ ቢሞት በዋጋ ይተካል፤ ዘር ቢያልቅ ከጎረቤት ይበደሩታል። የገበሬው ወገብ ከተጎዳ ግን ገበያ ወጥቶ የሚገዛው፤ አበዳሪም አግኝቶ የሚበደረው ሌላ ወገብ የለም። በአማርኛ ለሥራ መነሣት ወገብን መታጠቅ፤ ተስፋ ማጣትም ወገብ መቆረጥ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ሁሉም ሲያውቀው፤ በየዓመቱ ስለ በሬው ቁጥር፤ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ብዛት በጥንቃቄ የሚጽፍ ሹም ስለ ገበሬው ወገብ አንዲት መሥመር ሳይጽፍ ዓመቱ ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ ቁጥሩም በ2050 ዓ.ም. 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን ከሥራው ከሚያሰናክሉት ደዌዎች ሁሉ የመጀመሪያው ስፍራ የተሰጠው ለዚህ ሕመም ነው። ዳሩ ግን እንደ ወባ በአንድ ክረምት መጥቶ ብዙ ሰው ስለማይገድል የሚደነግጥበት የለም። እንደ ምስጥ ከውስጥ እየበላ ቆይቶ፤ ቤቱ ያዘነበለ ዕለት ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ይህን ነገር መመርመር የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን፤ አገር የሚያስተዳድሩና ሰፊ መሬት ይዘው የሚያለሙ ሰዎችም ሥራ ነው።

የአገሩ ጠባይና የሥራው ዓይነት

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፤ ዙሪያዋን የያዘው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ሱዳን ጠረፍ እየወረደ የሚሄድ ቆላ ይበዛበታል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በርታ፤ ጉሙዝ፤ ሺናሻ፤ ማኦና ኮሞ ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከወሎና ከሌሎችም የደጋ አገሮች በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች በአሶሳና በመተከል ተቀምጠዋል። ዝናሙ በዓመት አንድ ጊዜ፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ወራት የሚዘንም ስለ ሆነ፤ የመቆፈሩ፤ የመዝራቱና የማረሙ ሥራ ሁሉ በጥቂት ወሮች ውስጥ ይደራረባል።

በዚህም ላይ በቆላው ክፍል የሚገኘው ቆላ ዝንብ፤ በሌላ ስሙ ጸጸ የሚባለው፤ የገንዲን በሽታ ወደ ከብት ያስተላልፋል። ስለዚህ በብዙ ቀበሌ በሬ ጠምዶ ማረስ ያዳግታል፤ ከደጋ የመጡት ሠፋሪዎችም በሬዎቻቸው በዚሁ በሽታ አልቀውባቸዋል። በሬ የማይሠራውን ሥራ ደግሞ ሰው ጎንበስ ብሎ በዶማ ይሠራዋል። እንግዲህ በአሶሳ አገር ስለ ወገብ መናገር ስለ ቆላ ዝንብም መናገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ዝንቡን ለማጥፋት የሚወጣው ገንዘብና ድካም ከብቱን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ጀርባ ያድናል።

ሥራው በክረምት ብቻ አያበቃም። በክረምት ማሽላው፤ በቆሎው፤ ሰሊጡና አኩሪ አተሩ ይታረማል፤ በመከር ወራት አጭዶ ማሰርና ወደ አውድማ መሸከም ይከተላል። በጋ ሲሆን ብዙ ሰው በመንጌ፤ በሸርቆሌና በኩርሙክ በኩል ወርቅ ለማጠብ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ሌላውም ቀርቀሃ ቆርጦ ይሸከማል። ውሃ መቅዳት፤ እንጨት መልቀምና እህል መፍጨት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሴቶች ትከሻና ጉልበት ላይ ነው። መሬቱ በበጋ ያርፋል፤ የሰው ወገብ ግን የሚያርፍበት ወር የለውም።

ወገብ በምን ይጎዳል

የጀርባ አከርካሪ እንደ ዶቃ በተደረደሩ አጥንቶች የተሠራ ሲሆን፤ በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባል ለስላሳ ትራስ አለ። ይህ ትራስ ባደገ ሰው ላይ የራሱ የደም ሥር የሌለው ስለ ሆነ ምግቡን የሚያገኘው ሰው ሲንቀሳቀስ፤ አንድ ጊዜ እየተጫነ አንድ ጊዜ እየላላ እርጥበት በመምጠጥ ነው። ስለዚህ ለወገብ ሁለት ነገሮች ይከፉበታል፤ አንደኛው ከመጠን ያለፈ ጭነት፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ በአንድ ሁኔታ ላይ መቆየት ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ የሚያርም ገበሬና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ሹም ሥራቸው የተለያየ ሲሆን ሕመማቸው አንድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የጭነቱን ነገር ድንጋይ በመፈንቀያ ያነሣ ሰው ሁሉ በቀላሉ ያስተውለዋል። ገላን ቀና የሚያደርጉት የጀርባ ሥጋዎች ከአከርካሪው መታጠፊያ የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰው 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከወገቡ 50 ሳንቲ ሜትር አርቆ ቢያነሣ፤ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ስለ ሆነ የጀርባው ሥጋ በ200 ኪሎ ኃይል መሳብ ይኖርበታል። ያንኑ ዕቃ ወደ ሆዱ አስጠግቶ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢይዘው ግን 80 ኪሎ ይበቃዋል። ዕቃው አልቀለለም፤ የቀለለው ርቀቱ ነው። እንዲሁም ጎንበስ ያለ ሰው በእጁ ምንም ባይዝ፤ ከወገቡ በላይ ያለው የራሱ ገላ፤ ራሱና ክንዶቹ ሸክም ይሆኑበታል። ስለዚህ ዶማው ቀላል ነውና ሥራውም ቀላል ነው ማለት ስሕተት ነው።

ለረጅም ጊዜ ማጎንበስም የራሱ ጠንቅ አለው። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች እንደ እርጥብ ጠፍር ቀስ በቀስ ይለጠጣሉ፤ ከተለጠጡም በኋላ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሲያርም ውሎ በዚያው ቅጽበት ከባድ ኬሻ የሚያነሣ ሰው ወገቡ በላላበት ሰዓት ጭነት ይጨምርበታልና ለአደጋ የቀረበ ነው።

የዶማው እጀታ

ትንሽ የሚመስል ነገር ታላቅ ጉዳት እንደሚያደርስ፤ በጥቂት ማስተካከልም ጉዳቱ እንደሚቀር የሚያሳይ አንድ ታሪክ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ተፈጽሟል። በዚያ አገር በሰላጣ እርሻ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች እጀታው ከ60 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ መኮትኮቻ እንዲሠሩ ይገደዱ ነበር፤ እነርሱም በስፓኒሽ ቋንቋ «ኤል ኮርቲቶ»፤ ማለት «አጭሩ» ብለው ይጠሩት ነበር። የእርሻው ባለቤቶች አጭሩ መኮትኮቻ ሠራተኛውን ወደ ተክሉ ስለሚያቀርበው ሥራው የጠራ ይሆናል፤ ረጅሙ ግን ተክሉን ያበላሻል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ለአለቃውም ምቹ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ ጎንብሶ በሚሠራበት እርሻ ቀና ያለውን ሰው ከሩቅ ሆኖ ለይቶ ያየዋልና። ሐኪሞች ግን ይህ መሣሪያ ሰውን ገና በጉልምስናው ዘመን አካለ ስንኩል እንደሚያደርገው መሰከሩ። ነገሩም እስከ ካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ ተፈረደላቸው፤ በዚያው ዓመት አጭሩ መኮትኮቻ ተከለከለ። ስለዚህም እርሻው አልጠፋም፤ የካሊፎርኒያ ሰላጣ እስከ ዛሬ ድረስ በገበያ ይሸጣል።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን በኢትዮጵያ የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ባለርስትና ጭሰኛ የሚባለው ሥርዓት ቀረ። መሬቱ ከባለርስት እጅ ሲወጣ የዶማው እጀታ ግን በብዙ ስፍራ እንደ ቀድሞው አጭር ሆኖ ኖረ፤ እርሱን የሚያስረዝም አዋጅ የለምና። ይህን የሚያስተካክለው የቀበሌ ሹም፤ የልማት ሠራተኛና ቀጥቃጭ ተመካክረው ነው።

ረጅም እጀታ ማለት በአጭሩ ዶማ ላይ ረጅም እንጨት መሰካት ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። የአጭሩ ዶማ ብረት የተሠራው ጎንብሶ ለሚቆፍር ሰው ነው፤ እጀታው ሲረዝም ብረቱ መሬቱን የሚነካበት ማዕዘን ስለሚለወጥ፤ ቀጥቃጩ ማስገቢያውን እንደገና ሊያጣምመውና ብረቱንም ሊያሳሳው ያስፈልጋል። ለአረም የሚሆን መኮትኮቻ ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጀታው ከደረቱ እስከ አገጩ የሚደርስ ቢሆን መልካም ነው። ሁሉም ሰው እኩል ቁመት የለውምና ለአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ አንድ ልክ መስጠት አይገባም። ለእጀታውም እንጨት ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የአሶሳ ቆላ ቀርቀሃ ከደጋው ቀርቀሃ ተለይቶ ውስጡ ድፍን፤ ገላውም ጠንካራ ነው። አዲስ መሬት ለመስበርና ሥር ለመንቀል አጭሩ ዶማ አሁንም ያስፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ሥራ በየተራ የሚሠራ እንጂ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቆይበት መሆን የለበትም።

ከእጀታው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ዘር በእጅ በተበተነበት እርሻ ረጅም መኮትኮቻ አይሠራም፤ ቡቃያው ተደባልቆ የበቀለ ስለ ሆነ ገበሬው ወርዶ በጣቱ ይለያል። በመሥመር በተዘራ እርሻ ግን በመሥመሮቹ መካከል ቆሞ መኮትኮት ይቻላል። በመሥመር መዝራት እስከ ዛሬ የተመሰገነው በምርቱ ነው፤ ወገብንም እንደሚጠብቅ ለገበሬው ቢነገረው ግን ምክሩ ይበልጥ ይገባዋል። ምርት የሚታየው በመከር ነው፤ የወገብ ዕረፍት ግን በዚያው ዕለት ማታ ይታወቃልና። በሬ ባለበት ቀበሌም እንዲሁ የማረሻው እርፍ ለአራሹ ቁመት የሚስማማ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በአባቱ እርፍ የሚያርስ ረጅም ልጅ ሳያውቀው ጀርባውን ይጎዳል።

ስለ ሸክም

በሸክም ነገር የጉሙዝ ሴቶች ልማድ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። እነርሱ ዘንጉን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ሸክሙን ለሁለት ከፍለው በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ሚዛኑ በግራና በቀኝ ስለሚስተካከል ገላቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በደጋው አገር ግን ሴት እንስራውን በጀርባዋ አዝላ ፊት ለፊት ታጎነብሳለች፤ በአንድ እጅ የተንጠለጠለ ጀሪካንም ወገብን ወደ አንድ ወገን ያጣምማል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከፍሎ በዘንግ መሸከም ምንም ወጪ የማያስከትል መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ዘንጉ ትከሻን እንዳይቆርጥ በጨርቅ መጠቅለል፤ ትከሻንም በየጊዜው መለዋወጥ ያስፈልጋል። ሸክሙም ምንም ሚዛኑ ቢስተካከል ከልኩ ካለፈ አንገትንና ጉልበትን መጉዳቱ አይቀርም፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትና አጥንታቸው ያልጠና ሕፃናት ከከባድ ሸክም ሊጠበቁ ይገባል።

በገበያና በመጋዘን የሚታየው ሸክም ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። እህል በኩንታል፤ ማለት በ100 ኪሎ ኬሻ እየተሞላ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይጫናል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ባሻሻለው ቀመር፤ ሁኔታው ሁሉ በተመቸበት ጊዜ እንኳ በእጅ የሚነሣው ዕቃ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ተመክሯል። ኩንታሉ ከዚህ አራት እጥፍ ያልፋል። ተሸካሚው ጉልበተኛ ነው ተብሎ ይመሰገናል፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን በምን እንደሚኖር የሚጠይቀው የለም። የማዳበሪያ ኬሻ 50 ኪሎ ሆኖ መምጣቱ ለእህሉም ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በ50 ኪሎ ኬሻ ሞልቶ ለሁለት ሰው ማሸከም፤ ወይም በእጅ ጋሪ መግፋት በገበያው ዋጋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው ነው።

በየዕለቱ ሊጠበቁ የሚገባቸው ልማዶች

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነገሮች ለመማር አንድ ቀን የማይፈጁ፤ ገንዘብም የማይጠይቁ ስለ ሆኑ፤ ለገበሬው በስብሰባ ጊዜና በደቦው መካከል በቃል ሊነገሩ ይችላሉ።

1ኛ፤ ከመኝታ እንደ ተነሡ ከባድ ነገር አለማንሣትና በብዙ አለማጎንበስ። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ በአከርካሪው መካከል ያለው ትራስ እርጥበት መጥጦ ስለሚነፋ ጠዋት ለጉዳት የቀረበ ይሆናል። በመጀመሪያው ሰዓት በእግር መሄድና ቀላል ሥራ መሥራት ይሻላል።

2ኛ፤ ዕቃ ሲነሣ እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፤ ጉልበትን ማጠፍ፤ ከሁሉም በላይ ዕቃውን ወደ ገላ ማስጠጋት። ከመሬት ከሚያነሡት ይልቅ ከመደብ ወይም ከድንጋይ ላይ የሚያነሡት ይቀልላልና የሚሸከሙትን ነገር አስቀድሞ ከፍ ባለ ስፍራ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

3ኛ፤ ሸክም ይዞ ወገብን አለመጠምዘዝ። መዞር ያስፈለገው ሰው እግሩን እያነሣ ሙሉ ገላውን ያዙር።

4ኛ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብሎ፤ እጅን በወገብ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ጥቂት መለጠጥ፤ ሥራንም መለዋወጥ። በደቦና በወንፈል ሲሠራ የሚያርመው ሰው ከሚሰበስበው፤ የሚቆፍረው ከሚዘራው ጋር ቢቀያየር ሥራው አይጓተትም።

5ኛ፤ ለብዙ ሰዓት ከጎነበሱ ወይም በመኪናና በትራክተር ከተጓዙ በኋላ ወዲያው ከባድ ዕቃ አለማንሣት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ መንጎራደድ። ዕቃ ጭኖ ረጅም መንገድ የመጣ ሾፌርና ረዳቱ ከመኪናው ዘለው ወርደው ጭነቱን ማራገፍ የለባቸውም።

6ኛ፤ ጉልበትን ከረጅም ጊዜ ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ ማዳን። ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች በውሃ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ከመዋል ይልቅ ዝቅተኛ መቀመጫ ቢይዙና በየጊዜው ቢነሡ ይጠቅማቸዋል። መሬት ላይ ተንበርክከው የሚፈጩ ሴቶችም ወፍጮው በጭቃ መደብ ከፍ ቢልላቸው ቆመው ይፈጫሉ። የሞተር ወፍጮ ወደ ቀበሌው ሲቀርብ ከጊዜ ሌላ ጉልበትም ይተርፋል።

7ኛ፤ በቢሮ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ጀርባቸውን የሚደግፍ ወንበር መያዝ፤ ጉዳይ በመጣ ጊዜ ሁሉ ተነሥቶ መቆም፤ በየቀኑም በእግር መሄድ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በወጣ የአውስትራሊያ ምርመራ፤ ከወገብ ሕመም የዳኑ 701 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን በእግር መሄድን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ተደረገ። የሚሄዱት ሰዎች ሕመሙ እስኪመለስባቸው በመካከለኛው ልክ 208 ቀን ሲቆዩ፤ ያልተመከሩት ግን 112 ቀን ብቻ ቆዩ። ውፍረት ለበዛበትም ሰው የጉልበቱ ነገር ያሳስበዋል፤ ጉልበቱ የሚያመው ወፍራም ሰው አንድ ኪሎ ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጭነት ይቀንሳልና።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ

ወገቡን ያመመው ሰው እስኪድን ድረስ መተኛት አለበት የሚለው አሳብ በብዙ ዘመን በሐኪሞችም ዘንድ ይታመን ነበር፤ አሁን ግን ስሕተት መሆኑ ታውቋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በፊንላንድ በሄልሲንኪ ከተማ 186 ሠራተኞች ተመርምረው፤ ሁለት ቀን ከተኙት ይልቅ እንደ ዐቅማቸው የዘወትር ሥራቸውን የቀጠሉት ፈጥነው ድነዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከባዱን ሸክም ትቶ ቀላሉን ሥራ መቀጠል፤ በእግር መሄድ፤ ሙቅ ጨርቅም በሚያመው ስፍራ ላይ ማድረግ ይጠቅመዋል። ድንገት የመጣ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከሱቅ እየገዙ በየቀኑ መዋጥ ግን ጨጓራን ሊያቆስልና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይገባም። ስብራት ያገኘውን ሰው ወጌሻ በቀርቀሃ ስንጣቂ አጥብቆ ሲያስረው ደም መዘዋወሩን ትቶ እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለና፤ የታሰረው አካል ከበረደ፤ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስሩን ፈትቶ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ሹማምንትና የልማት ሠራተኞች ሊለዩት የሚገባ ነገር አለ። የወገብ ሕመም ሁሉ ከድካም የመጣ አይደለም። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፤ የሌሊት ላብ፤ የገላ መክሳት ወይም የአከርካሪ መጉበጥ ቢታይ የጀርባ አጥንት የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጊዜው ከተያዘ በመድኃኒት የሚድን፤ ከቆየ ግን እግርን የሚያሽመደምድ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያዋልድ ሰው ትኩሳቱ እየተመላለሰ ወገቡንና መገጣጠሚያውን ቢያመው ከብትን የሚያስወርደው ብሩሴላ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ወተትን አፍልቶ መጠጣት ለመገጣጠሚያም ጤና ነው። እግሩ የደነዘዘ ወይም የሰነፈ፤ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቃተው፤ ከዛፍ ወይም ከጉድጓድ የወደቀ ሰው ግን ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሊደርስ ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚጠበቀው

ገበሬው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን የወረዳ ሹም ሊያደርገው ይችላል። ከክረምቱ በፊት በሚያዝያ ወር፤ በአንዳንድ ቀበሌ ቀጥቃጮችን ጠርቶ ረጅም እጀታ ያለውን መኮትኮቻ ለናሙና ማሠራት፤ ጥቂት ገበሬዎች በአንድ ክረምት እንዲሞክሩትም ማድረግ ይቻላል። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው በዚያው አገር ስለ ሆነ የብረቱንና የማዕዘኑን ነገር ከባለሙያዎቹ ጋር መመካከር አያዳግትም። የሚሞክሩትም ወንዶች ብቻ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከአረሙ ሥራ ብዙው በሴቶች እጅ ነውና። የውሃ ጉድጓድና የሞተር ወፍጮ የሚቆምበት ስፍራ ሲመረጥም የሴቶቹ መንገድ ርዝመት ከመቁጠሪያው ነገር አንዱ ይሁን።

ሰፊ መሬት በኪራይ ይዘው የሚያለሙ ባለ እርሻዎች ደግሞ በሕግም ግዴታ አለባቸው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት የሚጠብቅበትን ሁኔታ እንዲያሟላ ያዝዛልና። ነገር ግን ግዴታው ባይኖር ጥቅማቸው ይመክራቸው ነበር። አረም በጊዜው ካልታረመ ማሽላውም ሰሊጡም ምርቱ ይወርዳል፤ በሐምሌ ወገቡ የተያዘ ሠራተኛ በነሐሴ የሚተካው አይገኝም። ለሠራተኛው ቁመት የሚስማማ መሣሪያ መስጠት፤ ኬሻውን ማሳነስ፤ በየሰዓቱ ጥቂት ዕረፍት መፍቀድ በመዝገብ ላይ ወጪ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ግን ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ቀና ያለውን ሠራተኛ ሰነፍ ነው ብሎ የሚቆጣ አለቃም ያ ሰው ቀና ያለው ነገም ለመሥራት መሆኑን ይረዳ።

ሹም ወደ ቀበሌ ሲወርድ አዝመራውን አይቶ ይመለሳል። ከእንግዲህ አዝመራውን ባየ ጊዜ በመካከሉ የሚያርሙትን ሰዎች ደግሞ ይይ፤ ስንቶቹ ቆመው፤ ስንቶቹ ተጎንብሰው እንደሚሠሩ፤ ከሽማግሌዎቹም መካከል ቀና ብለው የሚሄዱት ስንት እንደ ሆኑ ይቍጠር። የአንድ ወረዳ እርሻ በእውነት መልማቱ የሚታወቀው በጎተራው ሙላት ብቻ አይደለም፤ ጎተራውን የሞላው ሰው በሽምግልናው ዘመን ወገቡ ቀጥ ብሎ ከደጁ ወጥቶ የሞላውን ጎተራ ለማየት የቻለ እንደ ሆነ ነው።